ከክርስትና በፊት የነበሩ አባቶች እምነትና ጕዞ

ሰው ያልፋል፥ ስም ይቀራል፤ ስም ቢጠፋም ደንጊያ ይመሰክራል። በአዲስ አበባ በስተ ሰሜን፥ በእንጦጦ ተራራ ግርጌ ያለው ጉለሌ ስሙን ያገኘው ከተማው ሳይቈረቈር በዚያ ይኖሩ ከነበሩት ከቱለማ ኦሮሞ ወገን ከጉለሌዎች ነው። ከዚያ በኋላ ከተማ ተሠራ፥ መንገድ ወጣ፥ ገበያ ቆመ፤ የቀደሙት ሰዎች ስም ግን በነዋሪው አፍ ዕለት ዕለት ሲጠራ ይኖራል። የሀገር ነገር ሁሉ እንዲህ ነው፤ በላይ የሚታየው አዲስ ቢሆን ከበታቹ የቀደመው አለ።

ከጉለሌ ተነሥቶ ወደ አምስት ኪሎ የወረደ ሰው ወደ ብሔራዊ ሙዚየም ቢገባ ከዚህ እጅግ የራቀ ዘመን ምስክር ያገኛል። በዚያ ከደንጊያ የተጠረቡ፥ እጃቸውን በጕልበታቸው ላይ አድርገው የተቀመጡ የሴቶች ምስሎች አሉ። ቀሚሳቸው ረዥም ነው፤ በአንገታቸውም ወፍራም ድሪ አለ። ከነዚህ አንዱ በ1954 በምሥራቅ ትግራይ በአጽቢ በኩል በዓዲ ገላሞ የተገኘው ነው። (በዚህ ጽሑፍ የሚቈጠረው ዘመን ሁሉ በአውሮፓ አቈጣጠር ነው።) በርሱ ላይ የተቀረጸው ቃል አጭር ነው፤ የማናት ለሚባሉ ሰው ልጅ ይሰጣቸው ዘንድ የሚለምን ስእለት ነው።

የማናት ማን እንደ ነበሩ፥ የለመኑትም ልጅ ተሰጥቷቸው እንደ ሆነ ደንጊያው አይናገርም። ነገር ግን ከክርስቶስ ልደት በፊት ብዙ መቶ ዓመት በዚህች ሀገር ሰው ልጅ አጥቶ ሲያዝን፥ አዝኖም ሲሳል፥ ስእለቱንም ደራሽ ትውልድ እንዲያነበው በደንጊያ ሲያስቀርጽ እንደ ነበረ ያስረዳል። ይህ ነገር ለዛሬ ሰው እንግዳ አይደለም። በየደብሩ በር ቆሞ ልጅ የሚለምን ሰው ያላየ ካህን የለምና።

በሀገራችን የቈየው ትረካ ከክርስትና በፊት የነበሩትን አባቶች በሁለት ይከፍላቸዋል፤ እኵሌቶቹ ሕገ ኦሪትን ይጠብቁ ነበር፥ እኵሌቶቹም ዘንዶ ያመልኩ ነበር ይላል። ትረካው ክብር አለው። ይሁን እንጂ ብዙ ሰው ከዚህ ሁለተኛውን ቃል ብቻ ይዞ፥ የቀደሙትን ሰዎች ሁሉ ዘንዶ አምላኪ ብሎ በአንድ ቃል ዘግቶ ያልፋል። ደንጊያዎቹ ግን ከዚህ የበዛ ነገር ይናገራሉ። እነዚያ ሰዎች ስእለትና ምስጋና፥ ንጉሥና ሕግ፥ ፊደልና ሕንፃ፥ ከሁሉም በላይ ረዥም ጕዞ የነበራቸው ሰዎች ናቸው። በየሄዱበትም አምላካቸውን ይዘው ሄደዋል፤ በስተ መጨረሻም የክርስትና እምነት ወደ ሀገሪቱ የገባችው እነርሱ በጠረጉት መንገድ ነው።

የነገሩ መዠመሪያ ይሐ ናት። ይሐ ከአድዋ በስተ ሰሜን ምሥራቅ በተራሮች መካከል ያለች ትንሽ መንደር ስትሆን፥ በመካከልዋ ከክርስቶስ ልደት በፊት በ7ኛው መቶ ዓመት የተሠራ ታላቅ ቤተ ጣዖት ቆሞ ይታያል። ርዝመቱ 18 ሜትር ተኩል፥ ወርዱ 15 ሜትር ያህል ነው፤ ግድግዳው ዛሬም ወደ 14 ሜትር ከፍ ብሎ ቆሟል። ደንጊያው ያለ ጭቃና ያለ ኖራ አንዱ በአንዱ ላይ የተቀመጠ ነው፤ መጋጠሚያውም እጅግ የጠበቀ ነው። ከርሱ አጠገብ ግራት በዓል ገብሪ የሚባለው ፍራሽ አለ፤ እርሱም በደንጊያና በታላላቅ ዕንጨት የተሠራ የታላቅ ሰው ቤት እንደ ነበረ ቈፋሪዎች አስረድተዋል። የጀርመን የጥንት ነገር መርማሪዎች ከ2009 ዠምሮ ከኢትዮጵያውያን ጋራ ሆነው በዚያ ስፍራ ብዙ ሥራ ሠርተዋል።

በዚያ ዘመን የነበረው መንግሥት በደንጊያ የተጻፈው ስሙ በአራት ፊደል ብቻ ነው፤ ደ፥ ዐ፥ መ፥ ተ። ፊደሉ የድምፅ ምልክት ስላልነበረው ስሙ እንዴት ይነበብ እንደ ነበረ በርግጥ አይታወቅም፤ ሊቃውንት በልማድ ዳዓማት ይሉታል። ግዕዝ የተማረ ሰው የዚያን ፊደል መልክ ቢያይ ብዙውን ወዲያው ይለየዋል፤ ዛሬ በቤተ ክርስቲያን የሚነበበው ፊደል ከዚያ የመጣ ነውና። አንዳንዱም ጽሕፈት መስመሩ ከቀኝ ወደ ግራ ሄዶ በሚቀጥለው ከግራ ወደ ቀኝ ይመለሳል፤ ልክ በሬ ትልሙን ጨርሶ እንደሚመለስ።

የዳዓማት ነገሥታት በጽሕፈታቸው ሕዝባቸውን ቀይና ጥቍር እያሉ ይጠሩታል፤ ከአባታቸውም ስም ጋራ የንግሥቲቱን ስም ያነሣሉ። ከቀይ ባሕር ማዶ በሳባ የነበሩት ነገሥታት ግን በጽሕፈታቸው ንግሥት የማንሣት ልማድ የላቸውም። ይህ ትንሽ ነገር ቢመስልም ታላቅ ክርክር የሚፈታበት ቍልፍ ነው።

ክርክሩ ይህ ነው። ከነዚህ ደንጊያዎች የሚበዙት በሳባ ፊደልና በሳባ ቋንቋ የተጻፉ፥ የሚጠሩትም አማልክት የሳባ አማልክት ስለ ሆኑ፥ እነ ኮንቲ ሮሲኒ በ20ኛው መቶ ዓመት መዠመሪያ ላይ ይህ ሥልጣኔ ሁሉ ከማዶ በፈለሱ ሰዎች የተተከለ ነው ብለው ጽፈው ነበር። ከዚያ በኋላ ግን ምርመራው እየሰፋ ሲሄድ ነገሩ ተለወጠ። የሕዝቡ ሸክላ የሀገር ሸክላ ሆኖ ተገኘ፤ የነገሥታቱም ማዕርግና ንግሥቲቱን የማክበር ልማድ የሀገር ሆኖ ተገኘ። ከማዶ የመጡ ሰዎች እንደ ነበሩ ግን አይካድም፤ በሳባ መዲና በማሪብ ስም ራሳቸውን የጠሩ ጠራቢዎች በጽሕፈቱ ውስጥ አሉና። እንግዲህ ዛሬ የሚበዙት ሊቃውንት የሚሉት፥ የሀገሩ ሰው ከማዶ የመጡትን ጠራቢዎችና ነጋዶች ተቀብሎ፥ ፊደላቸውንና የአማልክታቸውን ስም ከራሱ ልማድ ጋራ አዋሕዶ መንግሥት አቆመ ነው።

ይህም የሚያስደንቅ አይደለም። ቀይ ባሕር በዐይን ሲታይ የሚለይ ነው፥ በመርከብ ግን የሚያገናኝ ነው። መንግሥትና ፊደል ሳይታወቁ ገና፥ እንደ መስተዋት የሚያበራው ጥቍር የባልጩት ደንጊያ ከአፍሪካ በኩል ተሻግሮ በየመን ዳርቻ ይሠራበት እንደ ነበር የጥንት ነገር መርማሪዎች አስረድተዋል። ደንጊያ የተሻገረበትን ባሕር ሰውም ፊደልም አምላክም ተሻገረው።

የአማልክቱም ስም ብዙ ነው። መዠመሪያ የሚጠራው ብዙ ጊዜ ዐስተር ነው፤ እርሱም የአጥቢያ ኮከብ አምላክ ነው ይባላል። ቀጥሎ አልመቃህ ይመጣል፤ የሳባ ሰዎች ታላቅ አምላክ እርሱ ነበር፤ ብዙ ሊቃውንት የጨረቃ አምላክ ነው ብለዋል። ሀውባስ የሚባልም አለ። ዛተ ሕምያምና ዛተ በዐዳን የሚባሉት ሁለቱ ሴቶች ግን ከፀሐይ ጋራ የተያያዙ ናቸው። ምልክታቸው በላይ ክብ፥ በታች ወደ ላይ የተከፈተ ጨረቃ ነው። ይኸውም ምልክት በመሠዊያና በጽሕፈት ራስ ላይ ተቀርጾ ይገኛል። ከአክሱም በስተ ደቡብ ምሥራቅ በመላዞ፥ በጎቦቸላ በተባለው ስፍራ፥ በ1955 እና በ1956 በተደረገው ቍፋሮ ለአልመቃህ የተሰጡ መሠዊያዎች የነበሩበት ትንሽ ቤተ ጣዖት ተገኝቷል።

ሌላው ምስክር በ2007 መጨረሻ በውቅሮ አጠገብ በመቃብር ጋዕዋ የተገኘው ነው። በዚያ ከቤተ ጣዖቱ ውስጥ መሠዊያው በቆመበት ስፍራ ሳለ ተገኘ። በላዩ የሚፈሰው መሥዋዕት በተጠረበ ቦይ እየወረደ ወደ ገንዳ እንዲገባ ሆኖ የተሠራ ነው። በመሠዊያውም ዙሪያ ዋዕራን የተባለ ንጉሥ የአባቱንና የእናቱን ስም ጠርቶ፥ በይሐ ባለው በአልመቃህ ቤት ላይ ጌታ ሆኖ በተሾመ ጊዜ በአማልክቱ ትእዛዝ ለአልመቃህ እንዳሠራው አስቀርጿል። ይህ ደንጊያ ሁለት ነገር አስረዳ። አንደኛ፥ ይሐ ዛሬ የምትጠራበት ስም ከሁለት ሺህ አምስት መቶ ዓመት በላይ የቈየ መሆኑን፤ ሁለተኛም፥ የንጉሥ ሹመት በዚያ ዘመን ከመሠዊያ የማይለይ መሆኑን።

ከዳዓማት በኋላ የአክሱም መንግሥት ተነሣ፤ በዚያን ጊዜ ጕዞው ሰፋ። በ1ኛው መቶ ዓመት በጽርእ ቋንቋ የተጻፈው የኤርትራ ባሕር የመርከበኞች መጽሐፍ እንደሚያስረዳው፥ ከአዱሊስ ወደብ የተነሣ ነጋዴ በሦስት ቀን ቆሎኤ ይደርሳል፤ ከዚያም በአምስት ቀን አክሱም ይገባል። ከአክሱም በኩል የሚወርደው የዝኆን ጥርስ ነበር። የሀገሩ ገዥ ዞስካሌስም ገንዘብ ወዳድ ቢሆን የጽርእን ቋንቋ የተማረ ሰው እንደ ነበረ መጽሐፉ ይመሰክራል።

ከዚህ በኋላ በአዱሊስ ከነጭ እብነ በረድ የተሠራ ዙፋን ያቆመ አንድ የአክሱም ንጉሥ ተነሣ። የጽሕፈቱ መዠመሪያ ስለ ጠፋ ስሙ አልተገኘም። ጽሕፈቱም ለዛሬ የደረሰው በአንድ መንገደኛ ትጋት ነው። በ6ኛው መቶ ዓመት መዠመሪያ፥ ንጉሥ ካሌብ ወደ ሕምያር ሊዘምት ሲዘጋጅ፥ ኮስማስ የተባለ የእስክንድርያ ነጋዴ በአዱሊስ ነበረ። የአዱሊስ ገዥ አስባስ በንጉሡ ትእዛዝ ጽሕፈቱን ገልብጦ እንዲሰጠው ለመነው። ኮስማስም ሜናስ ከሚባለው ባልንጀራው ጋራ ገለበጠው፤ አንዱን ቅጅ ለገዥው ሰጠ፥ አንዱን ለራሱ አስቀረ። ከዙፋኑ በስተ ኋላ የቆመው ጥቍር ደንጊያ የግብጹ ንጉሥ የሦስተኛው በጥሊሞስ ነበር፤ ኮስማስ ግን ሁለቱን አንድ መስሎት አያይዞ ጻፋቸው። ዛሬ ዙፋኑ የለም፥ ደንጊያው የለም፤ የቀረው ወረቀቱ ነው። መገልበጥ ምን ያህል ታላቅ ሥራ እንደ ሆነ በብራና የደከሙ ጸሓፊዎች ከዚህ ይረዱታል።

ያ ንጉሥ የዘመተበትን ሀገር በተራ ይቈጥራል። አገሜን ያነሣል፤ ሌሎችም ስማቸው ዛሬ ለመለየት የሚያስቸግር ብዙ ነገዶችን ያነሣል። ከወንዝ ማዶ የሚኖሩትን የሰሜን ሰዎችም ያነሣል፤ በዚያ መንገድ በሌለው ተራራ ላይ ብርድና በረዶ እንደማይለይ፥ በረዶውም ጥልቅ ስለ ሆነ ሰው እስከ ጕልበቱ እንደሚሰጥም ይናገራል። የሰሜንን ተራራ በክረምት የወጣ ሰው ይህን ሲሰማ ንጉሡ በወሬ ሳይሆን በእግሩ ሄዶ እንዳየው ያውቃል። ወደ ሰሜን አቅጣጫ እስከ ቤጃ ሀገር ሄዷል፤ ከመንግሥቱም እስከ ግብጽ ዳርቻ መንገድ አስጠርጓል። ወደ ምሥራቅ ዕጣን እስከሚበቅልበት ምድር ደርሷል። በባሕርም መርከብ ልኮ በማዶ ያሉትን ዐረቦች አስገብሯል፤ በባሕርና በየብስ ሰላም እንዲሆን አድርጓል።

ይህን ሁሉ ከቈጠረ በኋላ ንጉሡ ያደረገውን ነገር ልብ ማለት ይገባል። ጽሕፈቱ በጽርእ ስለ ሆነ አማልክቱን በጽርእ ስም ይጠራቸዋል። በአዱሊስ ሠራዊቱን ሰብስቦ ለዜውስና ለአሬስ ሠዋ፤ በባሕር ለሚሄዱትም ሰዎች ለፖሲዶን ሠዋ። ዙፋኑንም በነገሠ በ27ኛው ዓመት ለአሬስ ሰጠ። አሬስ ያለው የሀገሩን አምላክ ማሕረምን ነው፤ በሁለት ቋንቋ የተጻፉት የአክሱም ደንጊያዎች ይህን ያስረዳሉ። እንግዲህ የእነዚያ ሰዎች እምነት ከጕዟቸው የተለየ አልነበረም። የብስ የረገጠ ለየብሱ አመሰገነ፥ ባሕር የተሻገረ ለባሕሩ ሠዋ። ያመሰገኑት እውነተኛውን አምላክ አልነበረም፤ ነገር ግን ድሉን የራሳቸው ጕልበት ብቻ አድርገው አልቈጠሩትም።

በ4ኛው መቶ ዓመት የነገሠው ዒዛና ከክርስትናው በፊት ያስጻፈው ደንጊያ ይህንኑ ያጸናል። ያ ደንጊያ በሳባ ፊደል፥ በግዕዝና በጽርእ የተጻፈ ነው። ቤጃዎች ባመፁ ጊዜ ንጉሡ ሁለቱን ወንድሞቹን ሣይዛናንና ሐደፋን ላከ። እነርሱም ስድስቱን የቤጃ ነገሥታት ከነሕዝባቸው ማርከው 4,400 ሰው ይዘው ተመለሱ። የመልሱ መንገድ አራት ወር ያህል ፈጀ። በዚያም ሁሉ ለምርኮኞቹ እንጀራና ሥጋ፥ ጠላና ወይን፥ ውሃም ሲሰጣቸው እንደ ነበረ፥ ከዚያም ሀገርና ከብት ተሰጥቷቸው እንደ ሰፈሩ ጽሕፈቱ ይዘረዝራል። ጦርነት ጦርነት ነው፥ ምርኮም ምርኮ ነው፤ ቢሆንም ያን ንጉሥ ያኰራው የገደለው ቍጥር ሳይሆን ያበላው ቍጥር መሆኑ የሚያስገርም ነው።

ስለዚህም ድል ዒዛና አንድ የወርቅ፥ አንድ የብር፥ ሦስትም የናስ ምስል ለማሕረም ሰጠ። ምስሎቹ ዛሬ የሉም። ነገር ግን በ1906 የመጡት የጀርመን መርማሪዎች በአክሱም አንድ የምስል መቆሚያ ደንጊያ አግኝተው ነበር፤ በርሱም ላይ ለምስሉ እግር የተፈለፈለው ስፍራ 92 ሳንቲሜትር ርዝመት ነበረው። እግሩ ይህን ካከለ ቁመቱ ምን ያህል እንደ ነበረ ማሰብ ነው። በዚያ ዘመን ዒዛና ራሱን የማይሸነፈው የማሕረም ልጅ እያለ ይጠራ ነበር።

እምነት የተለወጠበት መንገድ ግን በጦር አልመጣም። ከጢሮስ ሜሮጵዮስ የተባለ ፈላስፋ ሁለት ልጆች ይዞ በቀይ ባሕር ሲጓዝ መርከቡ ለስንቅና ለውሃ ወደ ዳርቻ ቀረበ፤ የዳርቻውም ሰዎች መንገደኞቹን ገደሉ። ልጆቹ ፍሬምናጦስና ኤዴስዮስ ግን ከሞት ተርፈው ወደ ንጉሡ ቤት ተወሰዱ፤ በዚያም አድገው ታመኑ። በኋላ ፍሬምናጦስ ወደ እስክንድርያ ሄዶ በአትናቴዎስ እጅ ጳጳስ ሆኖ ተሾመ፤ አባ ሰላማ ከሣቴ ብርሃን የተባለው እርሱ ነው። ለአክሱም ነገሥታት የዝኆን ጥርስና ወርቅ የወረደበት መንገድ፥ በመሥዋዕት ወደ ፖሲዶን የተለመነበት ባሕር፥ ለወንጌል መግቢያ ሆነ። መንገዱን የጠረጉት ለምን እንደ ጠረጉት አላወቁም ነበር።

ለውጡ በደንጊያና በገንዘብ ተጽፎ ይገኛል። ከእንዱቢስ ዘመን ዠምሮ በአክሱም ወርቅና ብር ራስ ላይ ይታተም የነበረው ክብና ጨረቃ ነበር። በዒዛና ዘመን ጨረቃው ወጣ፥ መስቀል ገባ። ወደ ኖባ ሀገር የዘመተበትን ሲያስጽፍም ማሕረምን አላነሣም፤ በሰማይ ጌታ ኀይል ድል እንዳደረገ ይናገራል። ራሱንም የማሕረም ልጅ ማለቱን ትቶ የእለ ዐሜዳ ልጅ ይላል፤ በጠላት አለመሸነፉን ግን አልተወም። ኖባዎችን 23 ቀን ተከታትሎ፥ የቤተ ጣዖታቸውን ምስል አጥፍቶ ወደ ወንዝ እንደ ጣለው፥ ሕዝቡንም ሳይበድል በጽድቅ እንደሚገዛ ያስጽፋል። በ1969 በአክሱም የተገኘው የጽርእ ደንጊያ ደግሞ አብን፥ ወልድንና መንፈስ ቅዱስን በግልጥ ይጠራል።

ነገሩን ከሩቅ ሀገር ጋራ ማስተያየት ይጠቅማል። የአውሮፓ ሰሜን ሰዎች፥ ይኸውም የዴንማርክ፥ የስዊድንና የኖርዌይ ሰዎች፥ ወንጌልን የተቀበሉ ከአክሱም ስድስት መቶ ዓመት ያህል ዘግይተው ነው። እነርሱም በመርከብ እስከ ሩቅ ሀገር የሚጓዙ፥ ኦዲንንና ቶርን የሚያመልኩ ነበሩ። በ965 ገደማ የዴንማርክ ንጉሥ ሐራልድ በየሊንግ ባቆመው ታላቅ ደንጊያ ላይ ሀገሩን እንደ አስገዛና ዴናውያንን ክርስቲያን እንዳደረገ አስቀርጿል። አንዱ ወገን የክርስቶስን ሥዕል ይዟል፤ ሌላው ወገን እባብ የተጠመጠመበት አውሬ አለበት። አሮጌውና አዲሱ በአንድ ደንጊያ ተገናኙ።

በስዊድን ደግሞ በ1040 ገደማ ኢንግቫር ከተባለው አለቃ ጋራ ወደ ምሥራቅና ወደ ደቡብ ሄደው ለቀሩት ሰዎች የተተከሉ 26 ያህል ደንጊያዎች አሉ። ከነዚህ አንዱን ያቆመችው ቶላ የተባለች እናት ናት፤ ወርቅ ፍለጋ ርቆ ሄዶ በእስላሞች ሀገር ለሞተው ለልጇ ለሐራልድ መታሰቢያ ነው። በዓዲ ገላሞ ደንጊያ የቆመው ልጅ ለማግኘት ነው፤ በስዊድን የቆመው ልጅ ስለ ጠፋ ነው። ሁለቱ ሀገሮች አይተዋወቁም፥ ዘመናቸውም ሩቅ ለሩቅ ነው፤ የሰው ልብ ግን አንድ ነው።

አዲሱ እምነት አሮጌውን ሕንፃ ምን እንዳደረገውም ማየት ይገባል። በ601 የሮሙ ጳጳስ ጎርጎርዮስ ወደ እንግሊዝ ለላካቸው መምህራን ጽፎ፥ ጣዖቱን እንጂ ቤቱን እንዳያፈርሱ፥ ቤቱን በጠበል ረጭተው ለእግዚአብሔር እንዲያደርጉት አዝዞ ነበር። በኢትዮጵያ ግን ይህ ጥበብ ያለ እርሱ ትእዛዝ ቀድሞ ታውቋል። ከተስዓቱ ቅዱሳን አንዱ አባ አፍጼ በይሐ የነበረውን የአልመቃህ ቤት አላፈረሰም፤ ቤተ ክርስቲያን አደረገው እንጂ። በዚያ የተገኘው የጥምቀት ስፍራም ይህን ያስረዳል። ግድግዳው እስከ ዛሬ ቀጥ ብሎ ሊቆም የቻለ ቅዳሴ ስለ ገባበት ነው። ከአጠገቡ ባለው በአባ አፍጼ ቤተ ክርስቲያን ግድግዳ ላይም ከጥንቱ ሕንፃ የመጡ የዋልያ ራስ የተቀረጸባቸው ደንጊያዎች ተሠርተው ይታያሉ። ዋልያው በቤተ ጣዖት ነበር፤ ዛሬ በቤተ ክርስቲያን በር ላይ ቆሞ የሚገባውን ምእመን ያያል።

ከይሐ በስተ ሰሜን ምሥራቅ 6 ኪሎ ሜትር ተኩል ያህል ርቆ በሚገኘው በቤተ ሰማዕቲ በ2011 እና በ2016 መካከል በተደረገው ቍፋሮ፥ በ4ኛው መቶ ዓመት የተሠራ ቤተ ክርስቲያን ተገኘ። በዚያ መስቀልና ክቡር የሚል የግዕዝ ቃል ያለበት የደንጊያ ማዕተብ ተገኘ፤ እንዲሁም የበሬ ራስ የተቀረጸበት የወርቅ ቀለበት ተገኘ። በአንድ መንደር መስቀል የሚያንጠለጥልና የበሬ ራስ የሚያጠልቅ ሰው አብረው ይኖሩ ነበር። ብርሃን የወጣው እንደ መብረቅ በአንድ ቅጽበት ሳይሆን፥ እንደ ንጋት በጥቂት በጥቂት እንደ ሆነ ከዚህ ይታወቃል።

ቋንቋም እንዲሁ ነው። ዒዛና በቀድሞው ደንጊያ ከማሕረም ጋራ የጠራቸው ዐስተር፥ ብሔርና ምድር ነበሩ። ብሔርና ምድር ቀድሞ ራሳቸው ይመለኩ ነበር። በክርስትና ግን ብሔር ከአምላክነቱ ወርዶ ሀገርና ዓለም ብቻ ሆነ፤ የዓለሙም ጌታ እግዚአ ብሔር ተባለ። ቅኔ የሚያውቅ ሰው የዚህን ስም ሰምና ወርቅ አይስተውም፤ ይመለክ የነበረው ነገር ተገዢ ሆኖ፥ ጌታው በላዩ ተሠየመ። ማሕረም የሚለውም ስም ሐረመ ከሚለው ግሥ ጋራ የተዛመደ ይመስላል፤ ከዚህም ግሥ የመነኰሳት ሕርመት፥ በአማርኛም እርም የሚለው ቃል ወጥቷል። ጣዖቱ ሞተ፥ ግሡ ግን በገዳም ይኖራል።

ይህ ሁሉ የሚነገረው ወደ ቀድሞው እምነት ለመመለስ አይደለም። ነገር ግን አባቱን የማያውቅ ልጅ ርስቱን አይጠብቅም። ብዙ የጥንት ደንጊያ ገበሬ ሲያርስ ወጥቶ ለካብ ሆኗል፥ ለቤት መሠረት ገብቷል፤ አንዳንዱም በሌሊት ተሸጦ ከሀገር ወጥቷል። ከ2020 እስከ 2022 በትግራይ በሆነው ጦርነትም ብዙ አብያተ ክርስቲያናትና ቅርሶች ተጐድተዋል። ስለዚህ ጣዖት ነው ብሎ ደንጊያውን የሚሰብር ሰው፥ አባ አፍጼ ያልሰበረውን ይሰብራል። በየገጠሩ ከሁሉ ቀድሞ እንዲህ ያለውን ነገር የሚሰማው ካህኑ ነውና፥ ደንጊያው ባለበት እንዲጠበቅ፥ ለሚመረምሩትም እንዲነገር ማድረግ ከርሱ ይጠበቃል።

ቅዱስ ጳውሎስ በአቴና ለማይታወቅ አምላክ የተሠራውን መሠዊያ ባየ ጊዜ አላፈረሰውም፤ ንግግሩን ከዚያ ዠመረ እንጂ። የማናትም በዓዲ ገላሞ የለመኑት ከማይሰማ ስም ነበር፤ የለመኑት ነገር ግን ዛሬም ሰው ሁሉ ከእውነተኛው ሰጪ የሚለምነው ነው። ስእለቱ እነሆ ከሁለት ሺህ አምስት መቶ ዓመት በኋላ ከጉለሌ በወረደ መንገደኛ ፊት በአምስት ኪሎ ቆሞ ይነበባል። ለማኙ ሄዱ፥ የተለመነውም ጣዖት ወደቀ፤ ልመናው ግን ቀረ።